አንዲት ሚሊ ምን አላት

ሠላሳ አምስት፣ አይደለም፣ በፍጹም፣ እኔ ሠላሳ አምስት አልጻፍኩም፣ እናቴን አልጻፍኩም፣ ትናንት ከሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለራሴ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ፣ ሠላሳ አራት ነው ያልኩት፣ ሦስትን ጫንኩ፣ አራትን ጫንኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ አሁን ግን ስክሪኑ ላይ፣ በንድፉ ሁለት ቀዳዳዎች መሀል ያለችው የልክ ቀስት ዓይኗን በጨው ታጥባ ሠላሳ አምስት ትለኛለች። ቁጥር ደግሞ እግር አውጥቶ አይሄድም። ሰው ነው። እጅ ያለው፣ ትንፋሽ ያለው፣ እዚህ ቤት የሚገባ የሚወጣ ሰው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ወደው አይደለም።

ጠረጴዛው ላይ ማቀፊያው ተቀምጧል፣ ሦስተኛው ማቀፊያ፣ ጠዋት ከመቁረጫ ማሽኑ ላይ የወረደ፣ ጠርዙ ገና ጣት የሚቧጥጥ፣ መዳፍ የማይሞላ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ያምራል አይባልም እንጂ ያምራል፣ ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ቡሎን ዘው ሲል ሌላው ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ በአንድ ሚሊ ያልፈዋል፣ እንደ መጀመሪያው፣ እንደ ሁለተኛው። ዛሬ ደግሞ ሊሞክረው ይመጣል። ከሐኪም ቤት ስመለስ ብቅ እላለሁ እትዬ ብሎኛል ታናሼ፣ ብቅ ሲል ምን ልለው ነው፣ ደግሞ አልገባም ልለው? ከአደጋው በኋላ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፣ እንደ እንጨት ደርቆ ቀርቷል፣ የሞተሩን የኋላ ፍሬን የሚረግጠው ደግሞ ያው ቀኝ እግር ነው፣ እና እኔ እህቱ ምን አልኩ፣ እግሩ እምቢ ካለ እጁ ይይዛል አልኩ፣ ፍሬኑን ከታች አንስቼ መሪው ላይ ከፍሪሲዮኑ ሥር አመጣዋለሁ፣ በግራ አውራ ጣቱ ይገፋታል፣ ይቆማል፣ ቀላል ነው። ይህቺ ማቀፊያ ናት ፍሬኗን ከመሪው ጋር የምታያይዘው። እሷ ካልገባች ፍሬን የለም፣ ፍሬን ከሌለ ሞተር የለም፣ ሞተር ከሌለ ጥይት የለም።

ጥይት ነበር የሚሉት። መንገዱ ሁሉ ነበር የሚያውቀው፣ ገና ከጥግ ሲዞር በድምፁ ነበር የምንለየው፣ እማዬ ድስቱን ከእሳት ላይ ታወርድ ነበር፣ መጣ ልጄ ብላ። አሁን በምርኩዝ ቋ ቋ እያለ ነው የሚመጣው፣ ድምፁ ያው ከጥግ ይሰማል።

ቆይ፣ ተረጋጊ፣ ከመጀመሪያው አስቢው። መጀመሪያ ጊዜ አልገባ ሲል የጠረጠርኩት መለኪያዬን ካሊፐሩን ነው፣ አንድ ቀን ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ነበር፣ አፉ ተጣሞ ይሆናል ብዬ አዲስ ኩሽኔታ አውጥቼ ለካሁበት፣ የተጻፈበትን ልክ ነገረኝ፣ ምስኪን፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሁለተኛ ጊዜ በጋሽ ሚሊ ላይ ጮህኩበት፣ ሚሊ ያልነው ሥራ በሰጠነው ቁጥር አንዲት ሚሊ ምን አላት ስለሚል ነው፣ ብረት ቆራጭ የቶርኖ ሰው ሆኖ እንዲህ ይባላል? ያኔ ስጮህበት ጎንበስ ብሎ ከቅርጫቱ ውስጥ እኔ ያተምኩለትን ወረቀት አወጣ፣ የዘይት አሻራው ያለበትን፣ ሠላሳ አምስት ይላል። ልጄ፣ አለ፣ እኔ አንባቢ ነኝ፣ ደራሲዋ አንቺ ነሽ። አፈርኩ። ጣቴ ስቶ ነው አልኩ፣ ድካም ነው አልኩ፣ አምስትና አራት ጎረቤት ናቸው አልኩ፣ ይቅርታ ጋሼ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ካርቶን ሳይመሰክር አሉሚኒየም አይቆረጥም። ንድፉን በልኩ አትማለሁ፣ ካርቶን ላይ እለጥፋለሁ፣ በምላጭ እቆርጣለሁ፣ ቀዳዳውን እበሳለሁ፣ መሪው ላይ እናየዋለን። ትናንት ካርቶኑ ገባ እኮ! ወንድሜ ራሱ ነው የያዘው፣ ሁለቱንም ቡሎን አሳለፍኩበት፣ ገባ! ብዬ ጮህኩ፣ ገባ፣ አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ረዘም ያለ ቡሎን ፍለጋ ወጣሁ፣ መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ አጥቼ እስከ ታችኛው ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ለጋሽ ሚሊ የሚሆነውን ወረቀት ሳላየው አተምኩ፣ ደደብ፣ ካርቶኑ ከገባ ምን አያለሁ ብዬ፣ ሰጠሁት።

ካርቶኑ ይኸው። በማቀፊያው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አንዱን ቀዳዳ ከአንዱ አገጥማለሁ፣ በሌላው በኩል ግን ቀጭን ነጭ ብረት ብቅ ትላለች፣ ጥፍር የምታህል። አሁን ነቃሁባችሁ። ካርቶኑ ከታተመ በኋላ፣ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት፣ እኔ ቡሎን ስፈልግ። ፋይሉ የተቀየረበት ሰዓትም ይኸው፣ እኔ ታችኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ከሻጩ ጋር ስከራከር የነበርኩበት ሰዓት ነው።

በተጠቀሰው ሰዓት በሥፍራው የነበሩ ግለሰቦች፣ ብሎ እንደሚጽፍ መርማሪ፣ አንደኛ ጋሽ ሚሊ፣ ሁለተኛ እማዬ፣ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር፣ ብርጭቆው አሁንም መስኮቱ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ደላላው፣ መቼም የማይጠፋው ደላላ፣ ወንድሜ እንኳ በርጩማው ላይ እግሩን ሰቅሎ ነበር፣ እሱ አይቆጠርም።

ደላላው! ሞተሩን ካየባት ቀን ጀምሮ ምራቁን እየዋጠ ነው፣ የቆመ ሞተር እኮ ዋጋው ይቀመጣል እህቴ፣ ይለኛል፣ አስቂኝ፣ አንተን ብሎ አሳቢ። ትናንት ስመለስ ከጋሽ ሚሊ ጋር ደጅ ሸራው ሥር አንገት ለአንገት ገጥመው ያወሩ ነበር፣ ሲያዩኝ ዝም፣ ክው፣ ምን የሚሉት ዝምታ ነው? ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፣ የእነሱ ድግስ ግን ምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ማቀፊያው አይገባም፣ አሁንም አይገባም፣ እኔ እሰለቻለሁ፣ ወንድሜ ተስፋ ይቆርጣል፣ ሞተሩ ይሸጣል፣ በማይረባ ዋጋ። ደላላው ኮምፒውተር አያውቅም፣ ጋሽ ሚሊስ? አያውቅም ይላል። አላውቅም ማለትና አለማወቅ ይለያያሉ። ስንት ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ አይቷል፣ ዓይን ሌባ ነው።

እማዬስ? እናትም ትጠረጠራለች? ትጠረጠራለች፣ ለምን አትጠረጠርም። እዚሁ ግድግዳው ሥር የቆመውን ሞተር በአንሶላ የሸፈነችው እሷ ናት፣ በነጭ አንሶላ፣ እንደ ሬሳ፣ እማዬ ይሄ ምንድን ነው ስላት አቧራ እንዳይገባበት ነው አለች፣ አቧራ ብሎ ነገር፣ ዓይኗ እንዳያየው ነው። ኮምፒውተር ማብራት አትችልም፣ ግን ማብራት የሚችል ሰው መለመን ትችላለች፣ እናት ስትለምን ደግሞ ማን እምቢ ይላል።

ተነስቼ ጋሽ ሚሊን ልጠይቀው? አልጠይቀውም። ባለፈው አፍሬ አይደል። እጠይቀዋለሁ፣ ምን አባቱ። በመሀላችን ያለችውን በር እከፍታለሁ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ የተላጨ ብረት ጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ጋሼ፣ አቤት፣ አጥፋው እስቲ፣ ያጠፋል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ደግሞ እምቢ አለ? እምቢ አለ ጋሼ፣ እንዳትቆጣኝና ትናንት ኮምፒውተሬን ነክተሃል? እኔ? በዚህ እጄ? ሁለቱንም እጆቹን ፊቴ ላይ ይዘረጋል፣ እስከ አንጓው ግሪስ፣ ይሄ እጅ ቢነካው ማውስሽ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር? ማውሱ ነጭ ነው። እውነቱን ነው። መታጠብ ግን ይችላል፣ ሳሙና አለ፣ እላለሁ በሆዴ።

ከደላላው ጋርስ ምን ስትዶልቱ ነበር? ዱለታ! ይስቃል፣ የአማቼን ሞተር ሊሸጥልኝ ነዋ፣ ምን ስንዶልት፣ ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ዝም አላችሁ? ፊትሽን አይተን ነዋ ልጄ፣ ሰሞኑን ፊትሽ ያስፈራል እኮ፣ እናትሽም ፈርተውሻል፣ እኔም ፈርቼሻለሁ፣ ሰው ሁሉ ሲያይሽ ጥፋት የሠራ ነው የሚመስለው። እናቴ ምን አለችህ? ጨርቅ አንስቶ እጁን ይጠርጋል። ጋሼ፣ እናቴ ምን አለችህ? ወደ ግቢው በር ያያል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ ለምነውኛል፣ ይላል፣ አጓትትልኝ አሉኝ፣ ልጄን መልሰህ እዚያ ነገር ላይ አታውጣብኝ አሉኝ፣ አልቅሰዋል።

ይኸው! ይኸው፣ አልኩ አይደል፣ ደሜ ጆሮዬ ላይ ወጣ፣ እና አንተ ምን አልካት? እምቢ አልኳቸው፣ የሠራሁትን ዕቃ አውቄ አበላሽቼ አላውቅም አልኳቸው፣ አንቺ ደግሞ እንዲያው አስቢው፣ ለማጓተት ብፈልግ አንዲት ሚሊ ምን ትሠራልኛለች? ማሽኑ ተሰበረ እል የለ? አንዲት ሚሊማ፣ አሁን አምጪልኝ፣ ቀዳዳዋን በሞረድ ላስፋትና ጉዳዩን እንገላገለው፣ አንዲት ሚሊ ምን አላት። ፍሬን ላይ ሞረድ አላስነካም፣ እላለሁ፣ ሁልጊዜ እንደምለው፣ የሰፋ ቀዳዳ ይላወሳል፣ የሚላወስ ፍሬን ፍሬን አይደለም። እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ይላል፣ መነጽሩን ያወርዳል፣ ማሽኑን ያስነሳል።

እሱን እኔ ነኝ የማውቀው።

እመለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። እውነቱን ነው ሽማግሌው፣ እሱ ቢሆን አንድ ሚሊ ታስቆመኛለች ብሎ አያስብም፣ ለሱ ሚሊ ምኑም አይደለችም፣ ለደላላውም፣ ለእማዬም፣ ይህን የሠራው ሰው አንድ ሚሊ ብቻ እንደምትበቃ ያውቃል፣ ይህቺ ሴትዮ ፍሬን ላይ ሞረድ አታስነካም፣ ሞታ ነው ሸትታ፣ ከመጀመሪያው ታሠራዋለች ብሎ ያወቀ ሰው ነው። እኔን ነው የሠራኝ። ማነው እኔን እንዲህ የሚያውቀኝ?

ንድፉን እከፍተዋለሁ፣ እስከ ሥሩ። መስመሮቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው። ይህ ሶፍትዌር ያልታሰረ መስመር ሰማያዊ ነው የሚያሳየው፣ ስትነካው ይንሸራተታል፣ ሁሉንም በልክ በልኩ ስታስረው ይጠቁራል፣ ሰማያዊ መስመር ውሸታም ነው ብዬ ነው የማስተምረው፣ እና ይሄ የነካካው ሰው አንድም ሰማያዊ አልተወም፣ ንጹሕ፣ ጨዋ ሥራ፣ ሌባ እንዲህ ቤት ጠርጎ ይወጣል? እና ደግሞ፣ ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ የውጩ ርዝመት፣ ሃምሳ ነበር፣ ሃምሳ አንድ ሆኗል። በራሱ አይከተልም፣ ለብቻው ነው የሚጻፈው። ለምን? ምን ያደርግለታል? ቀዳዳውን ገፋ፣ ሲገፋው ጠርዙ ሊሳሳ ሆነ፣ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ስምንት ሚሊ እንዲቀር ርዝመቱንም በአንድ ጨመረ፣ ምናልባት ማንም ሰው በግድ ቢያስገባው እንኳ እንዳይሰበር። የሚያበላሽ ሰው እንዳይሰበር ይጨነቃል? ስምንት ሚሊ። ጠርዝ ከስምንት አይወርድም፣ ፍሬን ነው፣ ሰው ነው የሚቀመጥበት። ይሄ የኔ ቃል ነው። ለአንድ ሰው ነው ያስተማርኩት።

አይ።

አይ፣ አይሆንም፣ እሱ አይቆጠርም ብዬ የለ? በርጩማው ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ከጎኔ፣ ወራት ሙሉ፣ አጥንቱ እስኪጋጠም፣ ሥራ ከምትፈታ ተማር ብዬ ማውሱን እጁ ላይ ያስያዝኩት፣ መስመር ማሰር ስነግረው እንደ እኔ እግር በይኛ እትዬ፣ ታስሮ ጠቆረ፣ ብሎ የሳቀው፣ እኔም የሳቅኩት፣ እማዬ ግን ያልሳቀችው። ከጋሽ ሚሊ ይልቅ ይሄን ጠረጴዛ ያውቃል። ከእኔ እኩል ያውቃል። ግን ለምን? የገዛ ሞተሩን? ጥይት?

ካርቶኑ ሲገባ ገባ ያለው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተፈረደበት ሰው፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ አይቼ ደስታ ነው አልኩ። መጀመሪያ ጊዜ አልገባ ሲል ምን ይደረጋል እትዬ ብሎ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ፣ ሁለተኛ ጊዜ አልገባ ሲል አፏጨ፣ እያፏጨ ወጣ፣ እኔን ሊያጽናና ነው አልኩ። ሞተር በመንገድ ሲያልፍ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭብጥ ያደርጋል፣ ጣቱ እስኪነጣ፣ ናፍቆት ነው አልኩ፣ ናፍቆት! ሄልሜቱ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ጠጥቷል፣ ለምን አትጠርገውም ስለው ጊዜው ሲደርስ ይለኛል፣ ጊዜው እንዳይደርስ ደግሞ አንድ ሚሊ ይጨምራል። እፈራለሁ ማለቱ ነው። ፍርሃት ነው። ጥይት ፈርቷል።

አንተ ልጅ! ለምን አትነግረኝም? አንዲት ቃል፣ እፈራለሁ እትዬ፣ አለቀ፣ ምን እልህ ነበር? እናደዳለሁ፣ ስንት ቀን ነው ያሞኘኸኝ፣ ሽማግሌ ላይ ያስጮህከኝ፣ እናቴን ያስጠረጠርከኝ፣ ይምጣ፣ ይምጣና እነግረዋለሁ፣ ልክ ልኩን ነው የምነግረው። ለማን ይንገር ግን? ለኔ? እኔ አፌን መቼ ዘግቼ? ሐኪሙ ቀስ ይበል ሲል ይነዳል ያልኩ እኔ፣ ደላላው ሲመጣ ጥይት ቆሞ አይቀርም ብዬ ያባረርኩ እኔ፣ እማዬ ስታለቅስ ልጅሽን ሽባ አታድርጊው ያልኩ እኔ፣ አዎ ብያለሁ፣ እሱ ባለበት። ጎረቤቱ ሁሉ እህቱ ልታስነዳው ነው እያለ። ከዚያ በኋላ ወንድ ልጅ በምን አፉ እፈራለሁ ይላል? ስለዚህ ቁጥር ቀየረ። እህቱን በቃል እምቢ ማለት ሲያቅተው በሚሊ እምቢ አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ጋሽ ሚሊ ፊትሽ ያስፈራል ሲለኝ እንኳ አልገባኝም።

አልቅሼ ይሆን፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል። ዓይኔን በክንዴ እጠርጋለሁ። ምስኪን ወንድሜን፣ ምስኪን፣ ስምንት ሚሊ እንኳ አልዘነጋም።

ሦስትን እጫናለሁ። አራትን እጫናለሁ። ውጩን ሃምሳ። አትማለሁ፣ ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፣ ጋሼ ይችን አሁኑኑ ቁረጥልኝ፣ ደግሞ? ደግሞ፣ የመጨረሻ ናት። ለምን እንደማስቆርጣት አላውቅም፣ አውቃለሁ፣ የተሳሳተ ዕቃ ከእጄ አይወጣም፣ አንድ ቀን ልሞክር ካለ ፍሬኑ ይጠብቀው፣ እሱ ቢዘገይ ይዘግይ እንጂ ፍሬኑ አይጉደል፣ ካላለም መሳቢያ ውስጥ ትደር፣ ምን ትበላለች። ማሽኑ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ዝም ይላል። ጋሽ ሚሊ በጨርቅ ይዞ ያመጣታል፣ ትሞቃለች። አንሶላውን ከመሪው ላይ እገልጣለሁ፣ የመጀመሪያው ቡሎን፣ ሁለተኛው ቡሎን፣ በጣት ብቻ፣ ያለ መዶሻ፣ ያለ ስድብ፣ ስርግ። ገባች። እንደዚህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፣ እና የማሳየው ሰው የለኝም።

ቋ። ቋ። ከጥግ ነው።

እፈታለሁ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቡሎኖቹ ይንከባለላሉ፣ አንዱ መንኮራኩሩ ሥር ይገባል፣ ይቅር፣ ማቀፊያዋን የሽርጤ ኪስ ውስጥ፣ አንሶላውን መልሼ፣ ጥይት! መጣህ? ይላል ጋሽ ሚሊ ከወዲያ፣ ወንድሜ በሩ ላይ ይቆማል፣ ጥይት ሲባል ትከሻው ዝቅ ሲል አየዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ዝቅ ብሏል ይሄ ትከሻ፣ የት ነበርኩ እኔ። ሄልሜት አልያዘም። ሐኪሙ ምን አለህ፣ ደህና ነህ አለኝ፣ ተመስገን፣ ተመስገን። ዓይኑ ሞተሩ ላይ ነው፣ አንሶላው ላይ፣ ምርኩዙን ያነቀበት እጁ ነጥቷል።

ገባ? ይላል።

ልክ ልኩን ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ነበር። አልገባም፣ እላለሁ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኛል፣ አልገባም ወንድም ዓለም፣ አንዲት ሚሊ። ይተነፍሳል፣ ከእግር ጥፍሩ ነው የሚተነፍሰው፣ ምን ይደረጋል እትዬ፣ ይላል፣ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል፣ እና ስክሪኑን አልዘጋሁትም፣ ወይኔ፣ ሠላሳ አራት ፊት ለፊቱ ነው፣ ሃምሳም ከሥሩ፣ ያየዋል፣ ያነባል፣ እሱ እንደሆነ ከኔ ጎን ተቀምጦ ነው ንድፍ ማንበብ የተማረው፣ ወደ ሽርጤ ኪስ ያያል፣ ኪሴ አብጧል። ወደኔ ያያል። እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን የእማዬን ብርጭቆ አያለሁ።

ምርኩዙን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስደግፋል። ሆድ ይፍጀው።

ፍሬን ነው፣ እላለሁ፣ ፍሬን አይቸኮልም፣ አንድ ዓመት ቢፈጅ ይፈጃል፣ ማን ጠየቀን። ማንም፣ ይላል፣ ማንም አልጠየቀንም እትዬ። በርጩማውን በእግሬ ገፋ አደርግለታለሁ፣ ይቀመጣል፣ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ይሰቅለዋል፣ ማውሱን ወደሱ አስጠጋለታለሁ።